ስለ አፍላ ወጣቶች ንባብ

ሕፃን በወተት፣ ያደገ ሰው ግን በጽኑ ምግብ እንደሚኖር ሐዋርያው ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት አስተምሯል። ሆኖም ከወተት ወደ ጽኑ ምግብ የሚሻገር ልጅ በአንድ ቀን አይሻገርም፤ ጡት የጣለውን ልጅ እናቱ እንጀራውን በወጥ አርሳ፣ ፍትፍቱን አለዝባ እያጎረሰች ታሳድገዋለች እንጂ አጥንት ያለበትን ሥጋ ከፊቱ አታስቀምጥለትም። የአእምሮም አመጋገብ ከዚህ የተለየ ሥርዓት የለውም። ለሕፃን የሚነገር ተረት አለ፤ ለአዋቂ የሚጻፍ ድርሰት አለ፤ በሁለቱ መካከል ለሚገኘው፣ ዕድሜው ከ13 እስከ 19 ዓመት ለሆነው ጐረምሳና ለኮረዳዪቱ የሚስማማው መጽሐፍ ግን በአማርኛ ማዕድ ላይ ገና በሚበቃ መጠን አልቀረበም። ይህ ጕዳይ እንደ ትንሽ ነገር የማይታለፍበት ምክንያት፣ በዚህ ዕድሜ ንባብን የተወ ልጅ ኋላ ወደ ንባብ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ስለ ሆነ ነው።

የጥንቱ ትምህርት ይህን የዕድሜ ደረጃ አሳምሮ ያውቀው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ይቈጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያም ገና ጢም ሳያወጣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኵፋዳውን አንግቶ ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል። ዋሸራም ቢሄድ፣ ጎንጅም ቢሄድ፣ ዋድላም ቢሄድ መምህሩ «አንተ ገና ልጅ ነህ» ብሎ ከቅኔ አያርቀውም፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና አስጀምሮ፣ በየደረጃው እያሻገረ፣ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ያደርሰዋል። ተማሪው ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያልሰመረውን ያርምለታል። እንግዲህ የ15 ዓመት ልጅ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት እንደሚችል በኢትዮጵያ የታወቀው ዛሬ አይደለም።

ሴቶች ልጆችም ቢሆኑ ከግጥም ርቀው አልኖሩም። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ሲከበር፣ ስንኙን የሚያወጡትና የሚቀበሉት ኮረዶች ናቸው፤ ወንዶቹም ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ የሚያወድሱትንና የሚያሽሟጥጡትን በግጥም ይለያሉ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም በጎጃም ቅኔን አውቀው ለወንዶቹ ተማሪዎች ማስተማራቸው፣ ዕድሉ ከተሰጣት ሴት ልጅ ከወንድ እንደማታንስ ያስረዳል። የአገሪቱ ልማድ አፍላውን ወጣት አድማጭ ብቻ አላደረገውም፤ ገጣሚም አድርጎታል።

የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላም የፊተኞቹ ደራስያን ወጣቱን አልዘነጉትም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚናገረው ስለ ሁለት መንታ ልጆች፣ ስለ ዋህድና ስለ ጦቢያ ነው፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋራ የምትንከራተት ወጣት ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ አቀረቡ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ክቡር ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» አጫጭር ታሪኮችንና ግጥሞችን ለተማሪ በሚስማማ ቋንቋ ጽፈው ብዙ ትውልድ ከመጽሐፋቸው ላይ ንባብን ተለማመደ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው አስቀድሞ፣ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ለልጆች አውጥተዋል። ቀጥሎም በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ከአዋቂዎች መጻሕፍት ጋራ የልጆችንም መጻሕፍት ያሳትም ነበር።

በዚህ መሠረት ላይ የተሠራው ሕንፃ ግን መካከለኛው ፎቅ የጎደለው ይመስላል። ዛሬ ወደ አንድ መጽሐፍ መደብር የገባ አባት ለ7 ዓመት ልጁ ሥዕል ያለበት የተረት መጽሐፍ ያገኛል፤ ለራሱም ወፍራም ልብ ወለድ አያጣም። «የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ለእርስዋ የሚሆን ስጡኝ» ቢል ግን ሻጩ ጥቂት ያመነታና ከሁለቱ መደርደሪያዎች አንደኛውን ያሳየዋል። ልጅቱ የተረቱን መጽሐፍ ብትይዝ ያልፍባታል፤ የአዋቂውን ብትይዝ ገና ያልኖረችበት የትዳር ክርክርና የፖለቲካ ቍርሾ ይጠብቃታል። በመጨረሻ መጽሐፉን ትታ የእጅ ስልክዋን ታነሣለች፤ በዚያም በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሠራጨውን፣ አራሚ ያላየውን ጽሑፍ ሁሉ እንዳገኘች ታነባለች። ልጅቱ ንባብን ጠላች ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ታነባለችና፤ የጎደለው የሚገባት መጽሐፍ ነው።

ወጣቱ መልካም መጽሐፍ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ በቅርቡ ጊዜ የታዩት ሁለት ምሳሌዎች ይመሰክራሉ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ባሳተመ ጊዜ፣ ከጣና ገዳማት እስከ አሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም የሚደርስ ምስጢር ያለበት ይህ ታሪክ በተማሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ደጋግሞም ታተመ። ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 ዓ.ም. ያወጡት «እመጓ»ም አንባቢውን ወደ መንዝ ምድር በጕዞ ወስዶ ገዳምን፣ ታሪክንና ተፈጥሮን አንድ ላይ ስላሳየ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ወጣት ሳይቀር አነበበው። ሁለቱም መጻሕፍት ለአፍላ ወጣት ተብለው የተለዩ አይደሉም፤ ወጣቱ ራሱ ፈልጎ የራሱ አደረጋቸው እንጂ። በ«ዴርቶጋዳ» ታሪክ ላይ «የማይመስል ነገር በዝቶበታል» የሚል ነቀፌታ ይሰማል፤ ነቀፌታው ፍሬ የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ነቃፊው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል፤ ይኸውም ወጣቱ የአገሩ ገዳም፣ የአገሩ ሐይቅና የአገሩ ሊቅ በታላቅ ታሪክ ውስጥ ሲገቡ ለማየት ምን ያህል ተርቦ እንደ ነበረ ነው። ለረኀቡ መልስ የሰጠ ደራሲ ተነበበ።

ነገር ግን ወጣቱ የሚራበው ምስጢርና ጀብዱ ብቻ አይደለም፤ በራሱ ላይ የደረሰውን የሚነግረው ሰው ይሻል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት የዋለው የ10 ዓመት ልጅ ዛሬ ጐረምሳ ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ወላጁን ያጣ፣ ክፍሉ የፈረሰበት ልጅ አለ። ታላቅ እኅቷ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በስልክ ብቻ የምታውቃት፣ ነገ እርስዋም ትሄድ እንደ ሆነ ሌሊት የምታስብ ልጅ አለች። ፈተና ወድቆ ለአባቱ እንዴት እንደሚናገር የጨነቀው አለ። እነዚህ ልጆች ጭንቀታቸውን ለመምህር አይናገሩም፤ ለወላጅም ያፍራሉ፤ በመጽሐፍ ውስጥ ግን እነርሱን የመሰለ ልጅ ቢያገኙ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ያውቃሉ። መልካም ልብ ወለድ ለአፍላ ወጣት የሚሰጠው ጥቅም ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ድርሰት በብዛት አለመጻፉ የገበያ ጕድለት ብቻ ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም፤ ያዘነ ልጅ አጽናኝ ማጣቱ ነውና።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው «ልብ ወለድ ያልሆነውን ሆነ የሚል ሐሰት ስለ ሆነ ለወጣት አይገባም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት አንዳንድ ደጋግ አባቶች በቅንነት ይሉታል፤ ሆኖም ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ አይስማሙም። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ ክሱን ፊት ለፊት አልተናገረም፤ የድኻውን ሰውና የአንዲቱን በግ ታሪክ ነገረው፤ ዳዊትም በታሪኩ ሰው ላይ ከፈረደ በኋላ በራሱ ላይ እንደ ፈረደ ተረዳ። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ ሲናገር፣ ከሰሙት ሰዎች ዛፍ ይሄዳል ወይ ብሎ የተከራከረው አልነበረም። ጌታችንም የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሲያስተምር የልጁን ስምና አገሩን አልጠየቁትም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው የአገር ቃል ይህንኑ ያጸናል። ሐሰት ሰውን ለማሳት የሚነገር ነው፤ ምሳሌ ግን ሰውን ወደ እውነት ለማድረስ የሚነገር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሹማምንትና ከወላጆች ዘንድ የሚሰማ ነው፤ «ተማሪው ለፈተና ይዘጋጅ እንጂ በልብ ወለድ ጊዜውን አያጥፋ» ይላሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ስለሚታወቅ ሥጋታቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ችግሩ ከሥር ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ንባብ ያልጠናበት ልጅ የታሪኩንም፣ የሕጉንም፣ የሳይንሱንም ጥያቄ በቅጡ አይረዳም። ንባብ ደግሞ የሚጠናው በግዴታ ከተሰጠ አንድ ገጽ ይልቅ ልጁ ወዶ ከጨረሰው 300 ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ወዶ የሚያነበው መጽሐፍ የትምህርት ሌባ ሳይሆን የትምህርት ረዳት ነው።

ደራስያኑም በበኩላቸው ሊመከሩበት የሚገባ ነገር አለ። ለወጣት ተብለው ከሚጻፉት አንዳንዶቹ ታሪኩን ሰበብ አድርገው ስብከት ያበዛሉ፤ መልካሙ ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልካም፣ ክፉውም ክፉ ሆኖ ይቀራል፤ በመጨረሻው ገጽም ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ ትምህርቱን በቍጥር ይዘረዝራል። የ15 ዓመት ልጅ ይህን ከሁለተኛው ገጽ ላይ ያውቀዋልና መጽሐፉን ይዘጋዋል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ወርቁ በሰሙ ውስጥ የተሸሸገው አድማጩ ራሱ ሲያገኘው እንዲደሰት ነው። ወርቁን አስቀድሞ አውጥቶ የሚያሳይ ባለቅኔ ቅኔውን አበላሸ ይባላል፤ ትምህርቱን አስቀድሞ የሚናገር ባለታሪክም እንዲሁ። በሌላው ወገን ደግሞ ወጣት አንባቢን ለመሳብ ሲሉ ነውርንና ደምን የሚያበዙ አሉ። ስብከት የሚያበዛው ልጁን እንደ ሕፃን አይቶታል፤ ነውር የሚያበዛውም ልጁን ገበያ ብቻ አድርጎታል፤ ሁለቱም አላከበሩትም። ልጅን ማክበር ማለት አስቸጋሪውን ነገር ሳይሸሽጉ፣ ነገር ግን ተስፋን ሳይነጥቁ መንገር ነው።

የግጥም ነገር ከልብ ወለድ ይልቅ ተስፋ ያለው ይመስላል። በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ይደረግ በነበረው የግጥም በጃዝ ምሽት ወጣቶች አዳራሽ ሞልተው ግጥም ያዳምጡ ነበር፤ የበዕውቀቱ ሥዩም አጫጭርና ቀልድ ያዘሉ ግጥሞች በተማሪዎች ዘንድ በቃል ይነገራሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶችም በየበዓሉ ወጣቶች የራሳቸውን ግጥምና መነባንብ ያቀርባሉ። ብዙ ልጆችም በስልካቸው ላይ ግጥም ይጽፋሉ። ጕድለቱ የሚታየው አራሚ ስለ ሌላቸው ነው። አብዛኞቹ ቤት ከመታ ግጥም ሆነ ብለው ያምናሉ፤ የአማርኛ ስንኝ ልክ እንዳለው የነገራቸው የለም። ስድስት ስድስት ቀለም ያለው የወል ቤት፣ አምስት አምስት ያለው ሰንጎ መገን፣ አራት አራት ያለው ቡሄ በሉ እያንዳንዱ የራሱ አረማመድ አለው፤ አንዱ ለትረካ፣ አንዱ ለፉከራ፣ አንዱ ለጨዋታ ይስማማል። ይህን ልክ የተማረ ልጅ ኋላ ልኩን ትቶ በነጻ መጻፍ ቢፈልግ ምን እንደ ተወ ዐውቆ ይተዋል፤ ያልተማረው ግን ያላወቀውን መተው አይችልም። የቅኔ መምህር ለተማሪው ማታ ማታ ያደርገው የነበረውን፣ ማለት ሰምቶ ማረምን፣ የአማርኛ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ቢያደርገው የገጣሚ ዘር አይጠፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከባለሥልጣን የሚጠበቀው ደራሲውን «ይህን ጻፍ» ብሎ ማዘዝ አይደለም፤ በትእዛዝ የተጻፈ ልብ ወለድ ወጣቱን ስቦ አያውቅምና። የሚጠበቀው መንገዱን መጥረግ ነው። ዛሬ ለወጣት የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ያሳትማል፤ የወረቀትና የማተሚያው ዋጋ ከብዶበት ጥቂት ቅጂ ብቻ ያወጣል፤ ያም ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ሳይወጣ ያልቃል። ኮድ የተባለው የካናዳ ድርጅት በርት የሚባለውን ሽልማት በጋና፣ በታንዛንያ፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ባደረገ ጊዜ ለወጣቶች የተጻፉ መጻሕፍትን ከመሸለም አልፎ ቅጂ እየገዛ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት ማከፋፈሉ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሽልማቱ ግን በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ነበረ። ሆሄ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም በ2009 ዓ.ም. ተጀምሮ ለልጆች መጻሕፍት ስፍራ መስጠቱ የሚመሰገን ነው፤ ለአፍላ ወጣቶች መጽሐፍም ራሱን የቻለ ስፍራ ቢሰጥ ምስጋናው ይበዛል። በአማርኛም ሆነ በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ለዚህ ዕድሜ ከተጻፉት በየዓመቱ ጥቂቶቹ ተመርጠው፣ በመንግሥት በጀት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲገዙ ቢወሰን፣ ደራሲው ገዢ እንዳለው ዐውቆ ይጽፋል፤ አሳታሚም ይደፍራል። በመራጮቹም ጉባኤ ከመምህራንና ከሊቃውንት ጋራ ተማሪዎች ራሳቸው ቢቀመጡ ምርጫው አይስትም፤ የወጡን ጣዕም የሚያውቀው የሚበላው ነውና።

በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት መንግሥት ለንባብ ታላቅ ሕንፃ መሥራት እንደሚችል አሳይቷል። የቀረው ሥራ የአብርሆትን ደጅ ሊያይ የማይችለው የገጠር ተማሪ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንዲት መደርደሪያ እንዲኖረው ማድረግ ነው። መደርደሪያዪቱም ከውጭ አገር በስጦታ በመጡ፣ ማንም በማይከፍታቸው መጻሕፍት ተሞልታ በቍልፍ እንዳትዘጋ መጠበቅ ይገባል። ለወጣት የተቈለፈ መጽሐፍ ካልተጻፈ መጽሐፍ አይሻልም።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻቸው ትንሽ አይደለም። በየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፤ በየሰንበት ትምህርት ቤቱም ዕድሜያቸው ከዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ጋራ የሚገጥም ልጆች ይሰበሰባሉ። ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ መልካም ልብ ወለድና የግጥም መጽሐፍ የሚዋሱበት አንድ ሣጥን ቢኖራቸው፣ ያነበቡትንም በአባታቸው ፊት ቢወያዩበት፣ የንስሓ አባት የልጆቹን ልብ ከዚያ ይልቅ የሚያውቅበት ስፍራ አያገኝም። ቅኔ የሚያውቁ ሊቃውንትም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቀለም ትምህርት ቤት ሄደው ጉባኤ ቃና እንዴት እንደሚቈጠር ለልጆች ቢያሳዩ፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ ይገናኛሉ።

ይህ ሁሉ ብዙ ወርቅ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚጠይቀው ልጁ ገና ያለፈውን ሕፃንነት ትቶ ያልደረሰበትን አዋቂነት ሲመኝ የሚቆምባትን ያችን አጭር ዘመን ማክበር ነው። ዘመኒቱ አጭር ናት፤ ዛሬ 13 ዓመት የሆነው ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ የራሱን መንገድ ይይዛል፤ መጽሐፉ እስኪታተም፣ በጀቱ እስኪጸድቅ፣ ቍልፉ እስኪገኝ አይጠብቅም። አጥንቱን እስኪለምድ ድረስ ፍትፍቱን የሚያጎርሰው እጅ ከማን ይምጣ ቢባል፣ ከደራሲው፣ ከሹሙ፣ ከመምህሩና ከካህኑ በቀር ከሌላ አይመጣም።